የድሮ ቤቶች ፖስት ካርድና ፎቶግራፍ እንዳይጠፋብን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነበበ ንግግር። በሥራና በለቅሶ ምክንያት ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)



ስለ ውኃ መፋሰሻውና ስለ ሌሊት ጥበቃው መዋጮ ከተነጋገርን በኋላ ኮሚቴው አንድ ሌላ ጉዳይ እንድናነሣ ወስኗል። ጉዳዩም ቤት የሚታይባቸው የድሮ ፖስት ካርዶችና ፎቶግራፎች ነው። «ቤት እየፈረሰ ስለ ቤት ሥዕል ምን ያወራሉ» የሚል ሰው እንደሚኖር እናውቃለን። እኛ ደግሞ የምናወራው ቤቱ እየፈረሰ ስለሆነ ነው።

ፖስት ካርድ ስንል

ፖስት ካርድ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የእንቁጣጣሹ፣ አደይ አበባ ያለበት «እንኳን አደረሰዎ» የሚለው ነው። ዛሬ የምንነጋገርበት ግን በአንድ ፊቱ የአገር፣ የከተማ ወይም የቤት ፎቶግራፍ የታተመበት፣ በጀርባው መልእክትና አድራሻ ተጽፎ፣ ቴምብር ተለጥፎ ያለ ፖስታ የሚላከው ወፍራም ወረቀት ነው። የድሮው መጠኑ 9 በ14 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ መዳፍ ላይ ልክ ይሆናል።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1869 በኦስትሪያ ነው። ያን ጊዜ ሥዕል አልነበረበትም። ሥዕሉ የተስፋፋው ከ1890ዎቹ ወዲህ ሲሆን እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ በአውሮፓና በአሜሪካ ሰው ሁሉ ሲልከውና ሲሰበስበው ነበር። በየመንደሩ የሚዞሩ ፎቶ አንሺዎች ባለቤቱን ከነልጆቹ ደጃፉ ላይ አቁመው ቤቱን ያነሡና በካርድ ያወጡለታል። እ.ኤ.አ. በ1903 ኮዳክ ኩባንያ ልክ በፖስት ካርድ መጠን የሚያነሣ ካሜራ ሲያወጣ ሰው የራሱን ቤት ራሱ እያነሣ ለዘመዱ መላክ ጀመረ። ታዲያ ዛሬ በዚያ አገር የፈረሰ ሠፈር ምን ይመስል እንደነበረ ማወቅ የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ እነዚያ ካርዶች ነው። የቤተ መንግሥትማ ሥዕል የትም አይጠፋም፤ የተራ ሰው ቤት የተረፈው በካርድ ነው።

በአገራችንስ?

በአፄ ምኒልክ ዘመን የፖስታ ሥራ በ1886 ዓ.ም. ተቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች የታተሙት ፓሪስ ሲሆን ሰባት ዓይነት ነበሩ፤ አራቱ የንጉሡ፣ ሦስቱ የአንበሳ ምስል ነበረባቸው። በ1901 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ከዚያ ወዲህ ከእኛ አገር የተላከ ካርድ በእኛው ቴምብር ብቻ የትም መድረስ ቻለ።

ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነው። ካርዱም የባቡሩን መንገድ ተከትሎ ነው የመጣው። በጅቡቲ፣ በድሬዳዋ፣ በሐረርና በአዲስ አበባ የነበሩ የውጭ አገር ነጋዴዎችና ፎቶ አንሺዎች ሥዕሉን አንሥተው ወደ አውሮፓ እየላኩ ያሳትሙ ነበር። በቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺነት ስማቸው የታወቀው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያንና ልጆቻቸው ናቸው። የብዙ መኳንንት መልክ ዛሬ የምናውቀው በእነሱ ፎቶግራፍ ነው።

በጠላት ወረራ ጊዜ ጣልያኖች በያዟቸው ከተሞች ሁሉ ካርድ አውጥተዋል፤ ደሴና ጎንደርም ከእነዚያ ውስጥ ናቸው። በ1950ዎቹ ደግሞ የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት ሲቋቋም፣ በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» የሚለው ጥሪ በካርድና በትልልቅ ሥዕል ዓለምን ዞረ። አዲስ አበባ የሄደ የዚህ አገር ልጅ ለእናቱ የሚልካት ካርድ ያን ጊዜ ባለ ቀለም ሆነ፤ የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ማዘጋጃ ቤቱም በ1957 ዓ.ም. ተሠርተው ስለነበር አንዱ ወይም ሌላው አይጠፋበትም። እንደነዚህ ያሉት ዛሬም በየሣጥናችን ውስጥ አሉ።

በካርዱ ላይ የሚታየው ቤት

በድሮዎቹ የአዲስ አበባ ካርዶች ላይ ሣር የለበሱ ጎጆዎች ተዘርግተው፣ በመካከላቸው የመኳንንቱ ደርብ ቤት ብቅ ብሎ ይታያል። እነዚያ ደርቦች ድንጋይና ጭቃ ከሥር፣ እንጨት ከላይ ሆነው ሰገነታቸው ዙሪያውን የሚዞር፣ የእንጨቱ ጠርዝ በመጋዝ የተጠረበ ነው። የሕንድና የአርመን አናጢዎችና ግንበኞች ከአገራችን ባለ ሙያ ጋር የሠሯቸው ናቸው። የቢትወደድ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤት በኋላ ማዘጋጃ ቤት ሆነ። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ደግሞ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ሙዚየም ነው።

የሐረር ካርድ ሌላ ነው፤ ጠባብ መንገድ፣ በኖራ የተለቀለቀ ግንብ፣ ጠፍጣፋ ጣሪያ። የላሊበላው ደግሞ ለእኛ ይቀርባል፤ ክብ ሆኖ ደርብ ያለው የድንጋይ ቤት፣ ሣር የለበሰ። የወሎ ደጋ ሰው ድንጋይ መካብ እንደሚያውቅ ያ ሥዕል ምስክር ነው።

ዕድሜውን እንዴት እናውቃለን?

አንድ ካርድ እጃችን ሲገባ መጀመሪያ ጀርባውን እናገላብጥ። ጀርባው በመካከል በመስመር ካልተከፈለና ሙሉው ለአድራሻ ብቻ ከሆነ በጣም የድሮ ነው፤ ለሁለት መከፈል የተፈቀደው በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1902፣ በአሜሪካ በ1907 ነው። ቴምብሩ የማን ምስል አለበት? ማኅተሙ ላይ ያለው ከተማና ቀን ይነበባል? በአጉሊ መነጽር ሲታይ ሥዕሉ ትናንሽ ነጠብጣብ ከሆነ በማተሚያ ቤት የታተመ ነው፤ ነጠብጣብ ከሌለው ራሱ ፎቶግራፍ ነው።

ከዚያ ሥዕሉን እናንብብ። ጣሪያው ሣር ነው ቆርቆሮ? የስልክ እንጨት አለ? ባሕር ዛፍ ይታያል? ባሕር ዛፍ አዲስ አበባ የገባው በ1880ዎቹ ዓ.ም. ስለሆነ፣ ኮረብታው መላጣ ሆኖ የሚታይበት ካርድ ከዛፉ ማደግ በፊት የተነሣ ነው። ይህን ለማወቅ ዓይን እንጂ ትልቅ ትምህርት አይጠይቅም። የጣሪያ ክዳን ከኛ ከቆላና ከደጋ ሰው የተሻለ ማን ያነባል?

ስም የሌለው ቤት

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። በኮሚቴው ውስጥም የተከራከርንበት ነው። አንዳንዱ ወንድማችን «ፈረንጅ ያነሣው ድህነታችንን ነው፤ ምን ብለን እናስቀምጠዋለን» አለ። ሐሰት አይደለም። በብዙው የድሮ ካርድ ግርጌ በፈረንሳይኛ ወይም በጣልያንኛ «የአቢሲኒያ ጎጆ» ወይም «የአገሬው ቤት» ይላል እንጂ የባለቤቱ ስም፣ የቀዬው ስም፣ የሠሪው ስም የለም። ባለቤቱ ደጃፉ ላይ ቆሞ እየታየ ስሙ የለም።

የተጻፈውም ስም አንዳንዴ አያስተማምንም። በሐረር ካርድ ላይ «የራምቦ ቤት» የሚባለውና ባለ ቀለም መስታወት ያለው ያማረ ደርብ፣ ባለ ቅኔው ፈረንሳዊ ከሐረር ከወጣ በኋላ የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። ስሙን ግን የተሸከመው ያልኖረበት ሰው ሆነ።

እኛ የደረስንበት አሳብ ይህ ነው። ሥዕሉን ያነሣው ሌላ ሰው ቢሆንም ስሙን መጻፍ የኛ ፈንታ ነው። ጎጆው ድህነት ብቻ አይደለም። ምሰሶውን ማን ቆረጠ፣ ማገሩን ማን ጠፈረ፣ ጉልላቱን ማን አወጣ፣ በደቦ ስንት ሰው ጭቃ ረገጠ፤ ይህን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ካርዱ ዝም ብሏል፤ እነሱ ግን ይናገራሉ። እነሱ ሲያልፉ ካርዱም አብሮ ዲዳ ሆኖ ይቀራል።

በእኛው አውራጃ የደረሰ

ሩቅ አንሂድ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲገባ ከመሐንዲስ ክፍሉ ጋር ፎቶ አንሺዎች አብረው መጥተው ነበር። ጦሩ ሲወጣ የአምባውን ቤቶች በእሳት አቃጠለ፤ ንብረቱንም ጭኖ ሄደ። የዚያ ዘመቻ ፎቶግራፎች ግን እስከ ዛሬ በውጭ አገር ተጠብቀው አሉ። እንግዲህ አስቡት፤ ያነሣውም ያቃጠለውም አንድ ጦር ነው።

ደሴም የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ አለ። የደሴ ሙዚየምም የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ቤት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ያ ሙዚየም ተዘርፏል፤ ጉዳትም ደርሶበታል። በዚያ ወቅት ከቀዬው የተነሣ ሰው ልጁንና ስንቁን እንጂ ሣጥኑን አልያዘም። ከዚህ የምንማረው ለአንድ ነገር አንድ ቅጂ ብቻ ካለው እንደሌለው መቁጠር እንዳለብን ነው።

ሰላም በሆነበትም ቦታ ቤት ይፈርሳል። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ ለኮሪደር ልማት ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ስለ ልማቱ መከራከር የዛሬ ጉዳያችን አይደለም። ነገር ግን እዚያ ተወልዶ ያደገ ሰው ዛሬ ለልጁ «እዚህ ጋ ነበር» የሚልበት ግድግዳ የለውም፤ የቀረው ሥዕል ነው። እኛም ጋ ጭቃውና ድንጋዩ እየፈረሰ ብሎኬት እየቆመ ነው። ቤት መታደሱን አንጠላም፤ ማን ዝናብ እንዲያፈስበት ይፈልጋል? ከመፍረሱ በፊት መልኩ ይያዝ ነው የምንለው።

በሠፈራችን የሆነው

አንድ መንገደኛ ወደ ሠፈራችን መጥቶ «የድሮ ፎቶ፣ የድሮ ደብዳቤ፣ ቴምብር እገዛለሁ» እያለ ሲዞር ነበር። ከአንዲት እናት ቤት ገብቶ በሣጥናቸው የነበረውን ሁሉ ለአንድ ኪሎ ቡና በማይበቃ ገንዘብ ወስዷል። ከወሰደው መካከል የባለቤታቸው ወላጆች ቤት፣ ሰቀላውና ጎተራው ሳይፈርስ የተነሣው ፎቶግራፍ ነበረበት። ዛሬ የልጅ ልጆቹ «የአያታችን ቤት ምን ይመስል ነበር» ሲሉ እናታችን በእጃቸው አየር ላይ እየሣሉ ነው የሚያሳዩአቸው። ይህን የምንናገረው እሳቸው ፈቅደውልን ነው፤ ስማቸውን አንጠራም።

መሸጥ ክልክል ነው አንልም። ችግር ያለበት ሰው ንብረቱን ይሸጣል። ግን ሳይቀዳ አይሸጥ፤ ዋጋውንም ሳይጠይቅ አይስጥ። ሰብሳቢዎች ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉት ብርቅ ለሆነው፣ ከትንሽ ከተማ ፖስታ ቤት ማኅተም ጋር ለተላከው፣ ጠርዙ ላልተቀደደው ነው። ቴምብሩ ከካርዱ ከተላጠ ሁለቱም ዋጋቸው ይወርዳል። ደግሞ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ መሆኑን እያንዳንዳችን እንወቅ።

አያያዙ

በየቤታችን ያለውን እንዲህ እንያዝ፦

1ኛ/ ፎቶግራፍና ካርድ በእጅ ሲያዝ በጠርዙ ይያዝ። ቅባትና ላብ ያለበት ጣት ሥዕሉን ይበላዋል።

2ኛ/ በጀርባው በእስክሪብቶ አይጻፍ፤ ቀለሙ ወደ ፊቱ ይሻገራል። ለስለስ ባለ እርሳስ፣ ሳይጫኑ ይጻፍ።

3ኛ/ የተቀደደ በፕላስተር ወይም በሙጫ አይጣበቅ። ላሚኔትም አይደረግ፤ አንዴ ከተደረገ አይመለስም።

4ኛ/ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ከመስታወቱ ጋር እንዳይጣበቅ በመካከሉ የወረቀት ክፈፍ ይግባበት። ፀሐይ ከሚመታው ቦታ ይራቅ። የተጣበቀ ካለ በጉልበት አትላጡት፤ ከነመስታወቱ ይቀዳ።

5ኛ/ ከምድጃ ጭስ፣ ከእርጥብ ግድግዳና ከምስጥ ይጠበቅ። ንጹሕ የወረቀት ፖስታ ውስጥ ሆኖ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ሣጥን፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ሽታ ያለው ለስላሳ ፕላስቲክ በጊዜ ብዛት ሥዕሉ ላይ ይጣበቃል፤ አይሁን።

6ኛ/ በስልክ ሲቀዳ ከቤት ውጭ በጥላ ሥር፣ ያለ ፍላሽ፣ ካርዱ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ሆኖ ይነሣ። ፊቱም ጀርባውም ይነሣ። ጀርባው ላይ ያለችው «ደህና ነኝ፣ አታስቡ» የምትል አንዲት መስመር ከሥዕሉ አታንስም።

ኮሚቴው ያቀረበው አሳብ

እንዲህ ያለ ሥራ በአገራችን ያለ ነገር ነው። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድሮ ፎቶግራፎችን ሰብስቦ ይዟል። የተቋሙ መሥራችና የመጀመሪያው ኃላፊ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ከዴኒስ ጄራር ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1996 የድሮዪቱን ኢትዮጵያ በፎቶግራፍ የሚያሳይ መጽሐፍ አሳትመዋል። ያ ለአገር ነው፤ ለሠፈር ደግሞ ሠፈርተኛው ነው ያለው። ካርድ አሳታሚ የሚሄደው ባቡርና መኪና ወደሚገባበት ነበር፤ ከአባይ ሸለቆ በላይ ላለ የቦረና ሰው ቤት ብሎ የሚደክም አልነበረም። ስለሆነም ሥራው የኛው ነው። ያቀረብነውም ይህ ነው፦

አንደኛ፤ በየወሩ ስብሰባ ቀን ፖስት ካርድና ፎቶግራፍ ያለው ይዞ ይምጣ። ስልክ ያላቸው ተማሪዎች ልጆቻችን ባለቤቱ ፊት ይቀዱታል። ዋናው እዚያው በሰዓቱ ይመለሳል፤ ማኅበሩ የማንንም ዋና ሥዕል አያስቀርም።

ሁለተኛ፤ ለእያንዳንዱ ሥዕል በመዝገብ ይጻፋል፤ የማን ቤት ነው፣ የት ነበር፣ መቼ ተሠራ፣ ማን ሠራው፣ ጣሪያው ምን ነበር፣ ዛሬ በቦታው ምን አለ፣ ይህንን የነገረን ማን ነው።

ሦስተኛ፤ ቤቱን ሊያፈርስ ያሰበ ሰው ከሳምንት በፊት ይንገረን። አራቱንም ጎን፣ ከውስጥም ምሰሶውን፣ ቆጡን፣ መደቡንና ጓዳውን ባለቤቱ እስከፈቀደው ድረስ አንሥተን እናስቀምጣለን።

አራተኛ፤ ቅጂው በሁለት ቦታ ይቀመጣል፤ አንዱ በማኅበሩ ካዝና፣ ሌላው ጉባኤው በሚመርጠው ሌላ ቤት።

አምስተኛ፤ ከተሰበሰበው ውስጥ ጉባኤው የመረጠውን፣ ባለቤቱም የፈቀደውን አንድ ሥዕል በፎቶ ቤት በካርድ መልክ አሳጥበን ለመጪው እንቁጣጣሽ በጅዳ፣ በቤይሩትና በአዲስ አበባ ላሉ ልጆቻችን እንድንልክ። በግርጌውም በአማርኛ የባለቤቱ ስም፣ የቀዬው ስምና የሠሪው ስም ይጻፍበት።

ለተነሡ ጥያቄዎች

«ፎቶዬን ብሰጥ ነገ ለይዞታና ለግብር ጣጣ አይሆንብኝም ወይ» ላላችሁ፤ ፎቶግራፍ የይዞታ ማስረጃ አይደለም፤ መዝገቡም ለመታሰቢያ እንጂ ለክርክር አይውልም። በወንድማማች መካከል የርስት ጠብ ካለ ማኅበሩ በሥዕል አይዳኝም፤ ለዚያ ሽማግሌም ፍርድ ቤትም አለ።

«የሴቶች ፎቶ፣ የሟች ፎቶ አለበት፤ ሰው እንዲያየው አንፈልግም» ላላችሁም እሺ ብለናል። ባለቤቱ የከለከለው አይቀዳም። ቤቱ ብቻ ይታይ ያለም ሰዉን ሸፍነን እንቀዳለታለን።

«ሥራ ፈትነት ነው» ላላችሁ ደግሞ የምንመልሰው አጭር ነው። ገንዘብ አልጠየቅንም። የጠየቅነው ሣጥን እንዲከፈት፣ ሽማግሌም እንዲጠየቅ ነው። ሁለቱም ነገ ላይገኙ ይችላሉ።

ጉባኤው አሳቡን እስከሚቀጥለው ስብሰባ መርምሮ እንዲያጸድቀው ነው የምንጠይቀው። እስከዚያ ድረስ ማንም ሰው ሳይቀዳ እንዳይሸጥ፣ ሳይነገረን እንዳያፈርስ አደራ እንላለን። ጥያቄ ያለው ከሰሌዳው ሥር ያለውን ወረቀት ይሙላ፤ ማንበብ የማይችል ልጅ ይላክ ወይም ራሱ ይምጣ፣ እናነብለታለን።

ሼሆቻችን በዱዓ፣ አባቶቻችን በጸሎት፣ እናቶቻችን በምርቃት እንዳትለዩን።

ስለ ኮሚቴው
የማኅበሩ ጸሐፊ
መካነ ሰላም